ውስጡና ውጩ አንድ የሆነ መሪ
(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ንግግር)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

 

የዛሬው ርዕሳችን መሪነት ነው። መሪ ሲባል ብዙዎቻችን ወደ ቤተ መንግሥትና ወደ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች እናያለን። ነገር ግን አባወራው በቤቱ፣ እናት በልጆቿ፣ ኡስታዙ በመድረሳው፣ የመስጂድ ኮሚቴው ሰብሳቢ በጀመዓው፣ የእድሩ ሰብሳቢም በአባላቱ ላይ አማና ተሸክመዋል። እነዚህ ሰዎች ሲከፉ የምንጎዳው በየዕለቱ ነው። ሲያምሩም የምንጠቀመው በየዕለቱ ነው።

በመሥሪያ ቤት የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች በየስልጠናው «በአንጎል ሳይንስ የተደገፈ ኮቺንግ» የሚባል ነገር እንደሚቀርብላችሁ ትነግሩናላችሁ። «ይህ ነገር ምንድን ነው? ለኛስ ይጠቅማል ወይ?» ብላችሁም ትጠይቃላችሁ። ኢንሻአላህ ዛሬ ምንነቱን፣ በውስጡ ያለውን እውነትና ወደ ቤታችን ይዘን የምንገባውን እናያለን።

በመጀመሪያ ቃሉን እንመልከት። «ኮች» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣው በሃንጋሪ ከምትገኝ ኮች ከምትባል መንደር ነው። በዚያች መንደር ይሠራ የነበረ የፈረስ ሠረገላ በስሟ ተጠራ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ተማሪዎች ለፈተና የሚያዘጋጃቸውን አስጠኚ በዚሁ ስም ይጠሩት ጀመር። እንደ ሠረገላ ካሰብንበት ያደርሰናል ማለታቸው ነበር። ከዚያ ቃሉ ወደ ስፖርት ገባ። እ.ኤ.አ. በ1974 ቲሞቲ ጋልዌይ የተባለ አሜሪካዊ የቴኒስ አስተማሪ ባሳተመው መጽሐፍ የተጫዋቹ ትልቁ ተቃራኒ በመረቡ ማዶ ካለው ሰው ይልቅ በራሱ ጭንቅላት ውስጥ ያለው መሆኑን አስረዳ። በ1992 ደግሞ እንግሊዛዊው ጆን ዊትሞር ይህን ሐሳብ ወደ ሥራው ዓለም አምጥቶ ጥያቄዎቹን በ4 ደረጃ አስፋፋቸው፤ ምን ትፈልጋለህ? አሁን የት ነህ? ምን ምን አማራጭ አለህ? ምንስ ታደርጋለህ?

እንግዲህ ልዩነቱን ልብ በሉ። መካሪ መልሱን ይሰጣል። ኮች ግን ይጠይቃል፣ ያዳምጣል፣ ሰውየው መልሱን ራሱ እንዲያገኘውና ቃል እንዲገባበት ያደርጋል። ይህ ለኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በወሎም ሆነ በሌሎች የዒልም ማዕከሎቻችን ደረሳው ብቻውን ከሸይኹ ፊት ተቀምጦ ያነባል፤ ሸይኹም መልሰው ይጠይቁታል። እንዴት እንደሚያነብ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚኖር ጭምር ያዩታል። ተርቢያ የምንለው ይኸው ነው።

ሁለተኛው «እውነተኛ መሪ» የሚለው ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የአንድ የሕክምና መሣሪያ ኩባንያ የቀድሞ ኃላፊ የነበረው ቢል ጆርጅ በዚህ ርዕስ መጽሐፍ አወጣ። በ2007 እርሱና ባልደረቦቹ 125 መሪዎችን አነጋግረው ያገኙትን አሳተሙ። የመሪነት አንድ ወጥ መልክ አላገኙም። ያገኙት መሪዎቹ ብርታታቸውን ከሕይወት ታሪካቸው፣ በተለይም ከደረሰባቸው መከራ ትርጉም ማውጣታቸውን ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ የእውነተኛ መሪን መለያዎች 4 አደረጓቸው። ራሱን ያውቃል። ከሰዎች ጋር ግልጽ ነው። ከመወሰኑ በፊት ሐሳቡን የሚቃወመውንም ማስረጃ ይመዝናል። የሚመራበት ሥነ ምግባርም ከውጭ ግፊት ሳይሆን ከውስጡ የመነጨ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይመጣ። «እኔ ግልጽ ሰው ነኝ» እያሉ ያሰቡትን ሁሉ መናገር፣ የተሰማቸውን ሁሉ ማድረግ እውነተኛነት አይደለም። ልጁን በሰው ፊት የሚሰድብ አባት «ሐቁን ነው የተናገርኩት» ቢል መሪ አያሰኘውም። የኛ ዑለማዎች ኢኽላስ ሲሉ ነፍስ የፈለገችውን ሁሉ አሜን ብሎ መቀበል ማለታቸው አይደለም። ሰው በአደባባይና በጓዳ አንድ ይሆን ዘንድ ነፍሱን መግራት ማለታቸው ነው።

ታዲያ አንጎል ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? አንድ የታወቀ ታሪክ እንንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1848 በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት ፊኒየስ ጌጅ የተባለ የ25 ዓመት የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች አለቃ ነበር። ድንጋይ ለመስበር ባሩድ ሲጠቀጥቅ ድንገት ፈነዳና ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ብረት በጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። ሰውየው ግን ተረፈ። ተናገረ፣ ተራመደ። ሆኖም ከዚያ በፊት ጎበዝና አስተዋይ አለቃ ይሉት የነበሩት አሠሪዎቹ ጠባዩ በመለወጡ ወደ ቦታው አልመለሱትም። ሐኪሙ ዶክተር ሃርሎው እንደመዘገበው ትዕግሥት አጣ፣ ይሳደብ ጀመር፣ ያቀደውንም ይተወው ነበር። የተጎዳበት ክፍል ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ነበር። ስሜትን የመግታት፣ ነገን የማሰብ፣ ግራ ቀኙን የማመዛዘን ሥራ በዚህ ክፍል ላይ በእጅጉ የተመረኮዘ ነው። ጌጅ በኋላ ቺሊ ሄዶ ለዓመታት የሠረገላ ነጂ ሆኖ ሠርቷል። ሥርዓት ያለው የዕለት ሥራ ሳይጠቅመው እንዳልቀረ ዛሬ ብዙዎች ያምናሉ።

ይህ ክፍል የሚዳከመው ግን በብረት ብቻ አይደለም። በየል ዩኒቨርሲቲ ኤሚ አርንስተን የተባለችው ተመራማሪ ለረጅም ዓመታት ባደረገችው ጥናት ከቁጥጥራችን ውጭ የሆነ ጭንቀት፣ መለስተኛም ቢሆን፣ የዚህን ክፍል ሥራ ፈጥኖ እንደሚያዳክም አሳይታለች። ያን ጊዜ የሚያመዛዝነው ክፍል ይደክማል፤ የፍርሃትና የቁጣ ምላሽ የሚቀሰቅሰው ክፍል ይበረታል። እንግዲህ በቁጣ የተወሰነ ፍቺ፣ በቁጣ የተባረረ ኡስታዝ፣ በቁጣ የተበተነ ኮሚቴ ስንት ነው? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የተቆጣ ሰው ቆሞ ከሆነ እንዲቀመጥ ማስተማራቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ከእጃችንና ከአንደበታችን በፊት ሰውነታችን ይርጋ ማለት ነው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በሥዕል የሚያዩትን ፊት ስሜት በቃል ሲሰይሙት አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴ ቀነሰ። «ተናድጃለሁ»፣ «ፈርቻለሁ» ብሎ ለራስ መናገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ልጓም ነው። ከኮቾች ሥራ አንዱም ይህ ነው፤ መሪው የተሰማውን እንዲሰይም መርዳት።

ሥልጣንስ ምን ያደርጋል? እ.ኤ.አ. በ2014 በካናዳ የወጣ ጥናት ለአንዳንዶቹ ተሳታፊዎች በሌላ ሰው ላይ ሥልጣን የነበራቸውን ጊዜ፣ ለሌሎቹ ደግሞ ሌላ ሰው በእነርሱ ላይ ሥልጣን የነበረውን ጊዜ አስታውሰው እንዲጽፉ አደረገ። ቀጥሎ የሰው እጅ ኳስ ሲጨብጥ አሳዩአቸው። ሥልጣናቸውን ያስታወሱት አንጎላቸው ለሌላው ሰው እንቅስቃሴ የሚሰጠው ምላሽ ከሌሎቹ ያነሰ ሆነ። ይህ በማስታወስ ብቻ የመጣ ነው። ወንበሩ ላይ 10 ዓመት የተቀመጠውስ? ሰብሳቢ ሁሉ እውነቱን የሚነግረው አንድ ሰው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ውድ አድማጮቻችን፣ አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲገለጽ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተፈታኞች 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። የ2015ቱም ከዚያ ብዙ አልተለየም። ይህ ማለት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች አንገታቸውን ደፍተው ወደ ቤት ገቡ ማለት ነው። በዚያ ምሽት አባትና እናት የተናገሩት ቃል ቀላል ቃል አይደለም።

በአሜሪካ በኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ አንቶኒ ጃክ፣ ሪቻርድ ቦያትዚስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ተማሪዎችን ሁለት ዓይነት ኮች አነጋገራቸው። አንዱ ሁሉ ነገር ቢሳካላቸው ከ10 ዓመት በኋላ ምን ሆነው መኖር እንደሚመኙ ጠየቃቸው። ሌላው ስለ ትምህርታቸው ችግር፣ የቤት ሥራቸውን ስለመሥራታቸው ጠየቃቸው። ከቀናት በኋላ ተማሪዎቹ በኤም.አር.አይ መሣሪያ ውስጥ ሆነው የሁለቱን ኮቾች ምስል አዩ። ስለ ተስፋቸው የጠየቃቸውን ሲያዩ ከማለምና አሻግሮ ከማሰብ ጋር የተያያዙ የአንጎል ክፍሎች ይበልጥ ሠሩ። ጥናቱ በጥቂት ተማሪዎች ላይ የተደረገ ነው። ስለዚህ እንደ ሕግ አንይዘውም። ግን አስተዋይ ወላጅ የሚያውቀውን ያጠናክራል፤ ተስፋውን ያልጠየቅነውን ልጅ በጥፋቱ ብቻ ብናፋጥጠው ይዘጋብናል። ጥፋቱ አይነገር አላልንም፤ ይነገር። ቅደም ተከተሉ ግን ይታሰብበት። «ምን መሆን ትፈልጋለህ? እዚያ ለመድረስ ምን ቀረህ? እኛስ ምን እናግዝህ?» ይባል፤ ከዚያ ስለ ጎደለው ይወራ።

«የኔ ጠባይ እንዲህ ነው፤ አይለወጥም» የሚሉ አሉ። የለንደን ታክሲ ነጂዎች ፈቃድ ለማግኘት 25 ሺህ ያህል መንገዶችን በቃላቸው ያጠናሉ፤ ይህም ዓመታት ይወስዳል። ኤሊኖር ማጓየር እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ጥናት መንገድን ለማስታወስ የሚያገለግለው የአንጎላቸው ክፍል ከሌሎች ሰዎች ሰፍቶ ተገኘ። በ2011 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ ለውጡ በጥናታቸው ጊዜ እንደመጣ አሳየ። ስለዚህ ጎልማሳ አንጎልም ይማራል። ነገር ግን በአንድ ቀን ስልጠና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ፊሊፓ ላሊ በለንደን ባደረገችው ጥናት አዲስ ልማድ ለመልመድ እንደ ሰዉና እንደ ልማዱ ዓይነት ከ18 እስከ 254 ቀን ይፈጃል፤ መካከለኛው 66 ቀን ነው። ተሳታፊዎቹ አዲሱን ልማድ በየቀኑ ከሚያደርጉት ነገር ጋር ያያይዙት ነበር። እኛ ደግሞ በቀን 5 ጊዜ የማይቀር ቀጠሮ አለን። ከዒሻ ሰላት በኋላ 5 ደቂቃ ለሙሐሰባ ብንይዝ ለመርሳት ይከብዳል።

አሁን ማስጠንቀቂያ። «አንጎል» የሚል ቃል የተጨመረበት ሁሉ ሳይንስ አይደለም። ከአንጎላችን የምንጠቀመው 10 በመቶውን ብቻ ነው የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። ሰውን የግራ አንጎልና የቀኝ አንጎል ሰው ብሎ መክፈልም ማስረጃ የለውም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት ለደካማ ማብራሪያ የማይመለከተው የአንጎል ወሬ ሲጨመርበት ሰዎች ይበልጥ እንደሚያምኑት አሳይቷል። ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ኮች ሐኪም አይደለም። የተጨነቀና እንቅልፍ ያጣ ሰው ወደ ሕክምና ይሂድ። አንዳንዶችም ከላቦራቶሪ የወጣውን ሁሉ ከቁርኣን አንቀጽ ጋር ለማጣበቅ ይቸኩላሉ። የላቦራቶሪው ቃል ነገ ሊሻሻል ይችላል። የአላህ ቃል ግን የዚያ ድጋፍ አያስፈልገውም። ጠቃሚውን እንደ ጠቃሚነቱ እንያዘው፤ ይበቃል።

ሁሉንም የሚያጠቃልል አንድ ክስተት እናንሳ። በ6ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ628፣ የሑደይቢያ ስምምነት ተፈረመ። ዑምራ ለማድረግ የመጡት ሰሐቦች መመለሳቸው እጅግ አሳዘናቸው። መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) እርዳቸውን እንዲያርዱና ፀጉራቸውን እንዲላጩ ሲያዟቸው ከሐዘን ብዛት የተነሣ አልነበረም። እርሳቸውም ወደ ባለቤታቸው ወደ ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ድንኳን ገብተው የሆነውን ነገሯት። እርሷም ወጥተው ማንንም ሳያናግሩ በመጀመሪያ ራሳቸው እንዲያርዱና እንዲላጩ ሐሳብ አቀረበች። እንደዚያ አደረጉ። ሰሐቦቹም ይህን ሲያዩ ተነሥተው ተከተሏቸው። እንግዲህ ተመልከቱ። ባዘነ ሕዝብ ላይ ጩኸት አልተጨመረም። የሚስት ምክር ተሰማ። ትእዛዙም በመሪው ተግባር ታየ። የአላህ ነቢይ ምክር ከሰሙ እኛ በምን ኩራት እንዘጋለን?

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በየቤታችንና በየኮሚቴያችን 4 ነገሮችን እንሞክር። አንደኛ፣ በቁጣ ጊዜ ውሳኔ አይወሰን፤ ስሜቱን ሰይመን፣ ተቀምጠን፣ ለነገ እናሳድረው። ሁለተኛ፣ በስብሰባ ላይ ሰብሳቢው መጨረሻ ላይ ይናገር፤ ታናናሾቹ አስቀድመው ሐሳባቸውን ይስጡ። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ኃላፊ ጥፋቱን ያለ ፍርሃት የሚነግረው አንድ ታማኝ ሰው ይምረጥ፤ ለባለትዳሮች ይህ ሰው ከቤት ሊጀምር ይችላል። አራተኛ፣ ከዒሻ በኋላ በ5 ደቂቃ ሙሐሰባ «ዛሬ በአደባባይ የተናገርኩትንና በቤቴ ያደረግኩትን ምን አራራቀው?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። አንድ ሳምንት ሞክረን አልሆነም ብለን አንተወው፤ ለሁለትና ለሦስት ወር እንጽናበት።

አላህ ውስጣችንን ከውጫችን የተሻለ ያድርግልን። በኃላፊነት ላይ ያሉትን ቅን ያድርጋቸው፤ ለልጆቻችንም ተስፋ የምንሰጥ ያድርገን።