ለባንድ ልምምድ ስንት ፔዳል ይበቃል?

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የዚህ ንግግር ርእስ ከግድብ፣ ከድልድይና ከኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ እጅግ የራቀ መስሎ እንደሚታይ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ሳምንቱን ሙሉ በመሥሪያ ቤቱ ስሌት ሲሠራ የሰነበተ መሐንዲስ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጊታሩን አንግቶ ወደ ባንድ ልምምድ ሲያመራ መታየቱ አዲስ ነገር አይደለም። ይህ ሰው ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት ዘወትር አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ወለሉ ላይ ከተደረደሩት የድምፅ መለወጫ ፔዳሎች መካከል ስንቱን ይዞ ይሂድ? ሦስት? ስምንት? ወይስ ያሉትን ሁሉ? ነገሩ በተጫዋቹ ጣዕም ብቻ የሚወሰን ይመስላል። ሆኖም ልምምዱ የእርሱ የግል ጉዳይ አይደለም፤ ከበሮ መቺው፣ ቤዝ ተጫዋቹ፣ ኪቦርድ ተጫዋቹና ድምፃዊው በአንድ ክፍል ውስጥ ሆነው ይጠብቁታል። የክፍሉ ኪራይ በሰዓት የሚታሰብ ሲሆን ደግሞ የአንዱ ሻንጣ ይዘት የአምስቱም ጉዳይ ይሆናል።

ፔዳል ማለት በጊታሩና በአምፕሊፋየሩ መካከል የሚገባ፣ በእግር ተረግጦ የሚበራና የሚጠፋ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ሣጥን ነው። አንዱ ድምፁን ያሻክራል፤ ሌላው እንደ ገደል ማሚቶ ይደጋግመዋል፤ ሌላው ደግሞ ያርገበግበዋል። የመሣሪያው ታሪክ የሚጀምረው ከብልሽት መሆኑ በተለይ መሐንዲስን ሳያስደስት አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣው የማርቲ ሮቢንስ «ዶንት ወሪ» ዘፈን ቀረጻ ላይ የግሬዲ ማርቲን ቤዝ ጊታር ያለፈበት የመቅጃ ጠረጴዛ መስመር ተበላሽቶ ስለ ነበር ድምፁ ሻካራ ሆኖ ወጣ። የቀረጻው መሐንዲስ ግሌን ስኖዲ ብልሽቱን ጠግኖ በመርሳት ፈንታ ያንኑ ድምፅ በትራንዚስተር አስመስሎ ለመሥራት ጣረ፤ ከዚህም የተነሣ በ1962 «ማኤስትሮ ፈዝ ቶን» የተባለው ፔዳል በጊብሰን ኩባንያ አማካይነት ለገበያ ቀረበ። ዕቃው በሰፊው የታወቀው ግን በ1965 ሮሊንግ ስቶንስ «ሳቲስፋክሽን» በተሰኘው ዘፈናቸው ከተጠቀሙበት ወዲህ ነው። ከዚያ በኋላ ዋ-ዋው መጣ፤ የጃፓኑ ቦስ ኩባንያም በ1977 ዛሬ በየመደብሩ የሚታየውን ዓይነት ትንንሽ ፔዳል ማምረት ጀመረ። በአገራችንም ቢሆን በ1960ዎቹ ዓ.ም. ከተቀረጹት የሙላቱ አስታጥቄ የኢትዮ ጃዝ ሥራዎች ውስጥ የዋ-ዋው ድምፅ ጎልቶ ይሰማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ጂሚ ሄንድሪክስ በ1969 በዉድስቶክ መድረክ ላይ ሲጫወት ከእግሩ ሥር የነበሩት ሣጥኖች በአንድ እጅ ጣቶች የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ ግን በትርፍ ጊዜው የሚጫወት ሰው እንኳ አሥርና አሥራ ሁለት ፔዳል ቢኖረው የሚደንቅ አይደለም። ዋጋቸው ረክሷል፤ ውጭ አገር ያለ ወንድም ወይም እኅት ሲመጣ አንድ ሁለቱን በሻንጣ ይዞ ይመጣል። ችግሩም የዕቃ እጥረት መሆኑ ቀርቶ የምርጫ ችግር ሆኗል።

ምርጫውን ለማድረግ በቅድሚያ እያንዳንዱ ፔዳል የሚያስከፍለውን ዋጋ ማወቅ ያስፈልጋል። ዋጋ ሲባል የተገዛበት ገንዘብ አይደለም።

የመጀመሪያው ጊዜ ነው። የሁለት ሰዓት ልምምድ ለአምስት ሰዎች 600 የሰው ደቂቃ ነው። ጊታር ተጫዋቹ ፔዳሎቹን አንድ በአንድ ከሻንጣ አውጥቶ፣ በአጫጭር ኬብል አያይዞና ለየአንዳንዱ ኮረንቲ አዳርሶ እስኪጨርስ 15 ደቂቃ ቢፈጅበት የጠፋው ጊዜ 15 ደቂቃ ብቻ አይደለም፤ 75 የሰው ደቂቃ፣ ማለትም ከጠቅላላው አንድ ስምንተኛው ነው። ፔዳሎቹን አስቀድሞ በአንድ ሰሌዳ ላይ ማሰር ይህን ጊዜ ወደ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ያወርደዋል። በአንጻሩ አሥር ፔዳል ከነኃይል መጋቢው የታሰረበት ሰሌዳ ከአሥር ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ጊታር በጀርባው አዝሎ በሚኒባስ ታክሲ ለሚሄድ ሰው ይህ ቀላል ሸክም አይደለም።

ሁለተኛው ዋጋ ብልሽት ነው፤ ብዙዎች የሚዘነጉትም ይህንን ነው። ፔዳሎች የሚያያዙት በተከታታይ ነው። ስለዚህ ከመካከላቸው አንዱ ሲቋረጥ ሁሉም ዝም ይላል። እያንዳንዱ ፔዳል ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ መግቢያና መውጫ ሶኬት፣ የእግር ማብሪያ፣ አንድ አጭር ኬብልና አንድ የኮረንቲ መሰኪያ ይዞ ይመጣል። ለስሌት ያህል አንድ ፔዳል ከነተጓዳኞቹ በአንድ ልምምድ ሳይበላሽ የማለፍ ዕድሉ ከመቶ 99 ነው ይባል። ይህ እንግዲህ ለፔዳሉ አምራች ደግነት የተሞላበት ግምት ነው። ሦስት ፔዳል በተከታታይ ሲያያዝ ሁሉም ደኅና ሆኖ የማለፉ ዕድል 97 ከመቶ ይሆናል። በአሥር ፔዳል ግን ወደ 90 ከመቶ ይወርዳል። በዓመት ሃምሳ ጊዜ የሚለማመድ ባንድ በመጀመሪያው ሁኔታ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በሁለተኛው አምስት ጊዜ ያህል በመካከል ይቋረጣል ማለት ነው። ብልሽቱን ለማግኘትም የሚወስደው ጊዜ ይለያያል። ሰንሰለቱን ከመካከል እየከፈሉ መፈተሽ ለሚያውቅ ሰው ሦስት ፔዳል ቢበዛ ሁለት ሙከራ፣ አሥር ፔዳል ቢበዛ አራት ሙከራ ይጠይቃል። ብዙዎች ግን እንዲህ አያደርጉም፤ በድንጋጤ ሁሉንም ኬብል በአንድ ጊዜ መነቅነቅ ይጀምራሉ። በዚህ ጊዜ ከበሮ መቺው የማንም ያልሆነ ምት እየመታ ይቆያል፤ ድምፃዊው ስልኩን ያወጣል፤ የተጀመረው ዜማ ስሜት ተመልሶ ለመምጣት ከጥገናው የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

ሦስተኛው ዋጋ በራሱ በድምፁ ላይ የሚደርሰው ነው። የጊታር ማግኔታዊ ድምፅ ተቀባይ ብዙ ሺሕ ጊዜ የተጠመጠመ ሽቦ በመሆኑ ከፍተኛ ኢንዳክታንስ አለው፤ 2.5 ሄንሪ ቢሆን ከተለመደው አይርቅም። ኬብል በበኩሉ በአንድ ሜትር 100 ፒኮፋራድ ያህል ካፓሲታንስ ይጨምራል። ሁለቱ ሲገናኙ የድምፁ ጫፍ የት ላይ እንደሚሆን ይወስናሉ። በ6 ሜትር ኬብል ብቻ ቢሰላ ጫፉ 4100 ኸርዝ አካባቢ ነው። ከጊታር እስከ ፔዳል 6 ሜትር፣ ከፔዳል እስከ አምፕሊፋየር ሌላ 6 ሜትር ሲሆን ግን ወደ 2900 ኸርዝ ይወርዳል፤ የድምፁ ብርሃን ይደበዝዛል። ሲጠፋ ሞገዱን ሳይነካ በሽቦ ብቻ የሚያሳልፈው የፔዳል ዓይነት በሻጮች ዘንድ እጅግ ይወደሳል። ነገር ግን እንዲህ ያሉ ፔዳሎች ብቻ በተደረደሩበት ሁሉም ሲጠፉ ጊታሩ የኬብሉን ሁሉ ሸክም ብቻውን ይሸከማል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከሰንሰለቱ መጀመሪያ አካባቢ አንድ በፈር ያለው ፔዳል ማስገባት ይበቃል። አንዳንድ የቆየ አሠራር ያላቸው የፈዝ ፔዳሎች ግን ከበፈር በኋላ ሲገቡ ጠባያቸው ስለሚበላሽ ከጊታሩ ቀጥሎ መግባት ይኖርባቸዋል።

ስለ ኮረንቲ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ሁለት ነገር ብቻ ይጠቀስ። ተራ የማሻከሪያ ፔዳል ከ5 እስከ 10 ሚሊአምፔር ሲበቃው ዲጂታል የሆኑት ከ60 እስከ 100፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ይጠጣሉ። ስለዚህ በአንድ አዳፕተር ላይ ሁሉንም ከመቀጠል በፊት መደመር ያስፈልጋል። በተጨማሪም ከአሜሪካ የመጣ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ አዳፕተር እኛ ዘንድ ባለው 220 ቮልት ላይ ቢሰካ የልምምዱ መጨረሻ መሆኑ ነው፤ በጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 መጻፉን አስቀድሞ ማንበብ ይገባል።

ይህ ሁሉ ዋጋ ከታወቀ በኋላ ጥያቄው ወደ ልምምዱ ዓላማ ይዞራል። ባንዱ አዲስ ዜማ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያጠና ከሆነ የሚያስፈልገው የኮርዱን አካሄድና የዜማውን ቅርጽ መያዝ ነው። በዚህ ቀን መቃኛና አንድ ማሻከሪያ ይበቃል፤ ሌላው ሁሉ ስሕተትን ከመሸፈን በቀር ጥቅም የለውም። በተለይ ማሚቶ ያልተስተካከለ አጨዋወትን አሳምሮ ይደብቃል። ዜማው ተጠንቶ ቅንብሩ ወደሚወሰንበት ደረጃ ሲደርስ በቅንብሩ ውስጥ ቦታ የተሰጣቸው ፔዳሎች ይመጣሉ። ዝግጅቱ ሲቃረብ ደግሞ ሰሌዳው በመድረክ ላይ እንደሚሆነው ሆኖ፣ አንድም ሳይጨመር አንድም ሳይቀነስ፣ ወደ ልምምድ መምጣት አለበት። እንግዲህ ቁጥሩ ቋሚ አይደለም፤ ዝግጅቱ በቀረበ መጠን ያድጋል። ብዙዎች የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው። በመጀመሪያው ልምምድ ያላቸውን ሁሉ ያሳያሉ፤ በመድረክ ቀን ደግሞ ፈርተው ግማሹን ቤት ይተዉታል።

በዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ልምምድ የመፈለጊያና የመሞከሪያ ቦታ ነው፤ ሁሉም ነገር ካልቀረበ ምን ሊሞከር ይችላል? የሚሉ አሉ። ተቃውሞው በከፊል እውነት ነው። ቤት ውስጥ ብቻውን ሲሰማ ግሩም የሆነ ድምፅ ከቤዝና ከጸናጽል ጋር ሲገናኝ ሊጠፋ ይችላል፤ ቤት ውስጥ ልከኛ የነበረ ሪቨርብ በልምምድ ክፍል ውስጥ ጭቃ ይሆናል። ይህን በጆሮ ማዳመጫ ማወቅ አይቻልም። ሆኖም ሙከራው በአንድ ቀን ስለ አንድ ፔዳል ቢሆን ባንዱ ስለ እርሱ አስተያየት ሊሰጥ ይችላል። በአንድ ጊዜ አምስት አዲስ ነገር ከቀረበ ግን የትኛው ምን እንዳመጣ ተጫዋቹ ራሱ አይለየውም። በቤተ ሙከራ የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

የማሚቶ ፔዳል ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል፤ ሌሎቹን ሰዎች በቀጥታ የሚያስገድደው እርሱ ነውና። በቺክቺካ ምት በደቂቃ 120 ቢመታ አንዱ ምት 500 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ ምቱ በሦስት ስለሚከፈል ማሚቶው በ333 ሚሊሰከንድ ሲስተካከል ከምቱ ጋር ይገጥማል። ከበሮ መቺው ሞቅ ብሎት ወደ 126 ቢወጣ ተገቢው ልክ 317 ሚሊሰከንድ ነው። የ16 ሚሊሰከንድ ልዩነት በመጀመሪያው ድግግሞሽ አይታወቅ ይሆናል፤ በሦስተኛው ግን 48 ስለሚሆን የተሰናከለ እርምጃ ይመስላል። በዚያን ጊዜ አጥፊው ከበሮ መቺው ነው ወይስ ሣጥኑ? በቅኝት ረገድም ጥንቃቄ ያሻል። እንደ አንቺሆዬና አምባሰል ያሉት ቅኝቶች በግማሽ ድምፅ የተቀራረቡ ድምፆች ስላሉባቸው ያለፈው ድምፅ ሳይጠፋ ጎረቤቱ ሲመጣ ሁለቱ ይጋጫሉ። ግጭቱ ሆን ተብሎ ከተፈለገ ውብ ነው፤ በግዴለሽነት የመጣ ከሆነ ግን ድምፃዊውን ከቅኝቱ ያወጣዋል። ስለዚህ ማሚቶ ወደ ልምምድ የሚሄደው ከበሮ መቺውና ድምፃዊው አስቀድመው ካወቁት ብቻ ነው።

በተግባር ሲታይ ውሳኔው የሚደረገው ከልምምዱ በፊት ባለው ምሽት በወረቀት ላይ ነው። የዕለቱ ዜማዎች በአንድ ወገን፣ ፔዳሎቹ በሌላ ወገን ተጽፈው በሚገናኙበት ቦታ ምልክት ይደረጋል። በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ዜማዎች ምልክት ያገኘ ይሄዳል። በአንድ ዜማ ብቻ ያገኘ የሚሄደው ያ ዜማ ያለ እርሱ የማይታወቅ ከሆነ ነው። ዋ-ዋው የዜማው መክፈቻ ሆኖ ከተቀነባበረ መቅረት አይችልም፤ በአንድ ስንኝ ላይ ለማሳመሪያ የገባ ኮረስ ግን ቢቀር የሚያዝን የለም። ምንም ምልክት ያላገኘ፣ ትናንት የተገዛም ቢሆን፣ ቤት ይቀራል። ዘጠኝ ዜማ ያለው ባንድ በዚህ መንገድ ሲሄድ ብዙውን ጊዜ በአራት ፔዳል ላይ ያርፋል፤ መቃኛ፣ ማሻከሪያ፣ ማሚቶና የዕለቱ አንድ ልዩ ድምፅ። መቃኛው ከቁጥር ሊወጣ አይገባም፤ ሲረገጥ ድምፅ የሚዘጋው ዓይነት ከሆነ በዜማዎች መካከል ለሌሎቹ ጸጥታ ይሰጣል፤ በፈር ካለውም ለኬብሉ ችግር መፍትሔ ይሆናል።

ከፔዳሎቹ ጋር በሻንጣው ውስጥ የሚገባ አንድ ረጅም ኬብል ይኑር። ሰንሰለቱ በድንገት ዝም ሲል ጊታሩ በዚያ ኬብል በቀጥታ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ተያይዞ ልምምዱ ይቀጥላል፤ ፍተሻው በዕረፍት ሰዓት ይደረጋል። አንድ መለዋወጫ ባለ 9 ቮልት የባትሪ ድንጋይም አይከብድም። በባትሪ የሚሠሩት ፔዳሎች ኬብሉ ከመግቢያቸው እስካልተነቀለ ድረስ ቢጠፉም ኮረንቲ መጠጣታቸውን አያቆሙም፤ 500 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ድንጋይ 65 ሚሊአምፔር በሚጠጣ ፔዳል ላይ ተረስቶ ቢያድር ጧት ባዶ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ልምምዱ አብቅቶ ሌሎቹ ዕቃቸውን ሲሰበስቡ በመጀመሪያ የሚነቀለው የመግቢያው ኬብል ነው።