ትምህርት ቤቱ የማን ነው?

  ከእርሻ፣ ከገበያ፣ ከጓዳ ሥራ ውላችሁ፣ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ሬዲዮውን የከበባችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ የዛሬው ንግግር ለእናንተ ነው። እኔ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ሙያዬን የተማርሁት በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ነው። ቀን ልጆችን አስተምራለሁ። ማታ ደግሞ እንደ እናንተ ያሉ ትልልቅ ሰዎችን አስተምራለሁ።

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ ሩቅ አገር ትምህርት ቤቶች ነው። ግን አስቀድሜ ከቤቴ ልጀምር።

እኔ ገና ፊደል ሳልቆጥር ታላቅ እህቴ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሳ ነበር። ክረምቱን ገጠር አያታችን ዘንድ ሄደች። እሷ በሌለችበት ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት መጣ። እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር። ወረቀቱን ገለጥ አድርጋ አየችው። ማኅተም አለበት። «ይህስ ትልቅ ወረቀት ነው» አለችና በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። እህቴ መስቀልን ውላ ተመለሰች። ወረቀቱ ለካ «የሰባተኛ ክፍል ምዝገባ እስከ መስከረም 5 ቀን ነው» ይል ነበር። ትምህርት ቤት ብትሄድ ቦታው ሞልቷል ተባለች። «ለሚመጣው ዓመት ነይ» አሏት። በሚመጣው ዓመት ግን ሰው ቤት ተቀጥራ ነበር። በዚያው ቀረች። እናቴ ይህ ነገር በተነሣ ቁጥር «ወረቀቱን እኮ በደንብ አስቀምጬው ነበር» ትላለች።

እንግዲህ ያ ትምህርት ቤት የሕዝብ ትምህርት ቤት ነው። የእናቴም ነው ማለት ነው። ነገር ግን የላከላትን ወረቀት ማንበብ ካልቻለች የእሷ ነው ይባላል ወይ? ይህን ጥያቄ ይዛችሁ ተከተሉኝ። ይህንኑ ጥያቄ ብዙ ዘመን ሲጠይቁ ወደ ኖሩ ሰዎች አገር፣ ወደ አሜሪካ የባሕር ዳርቻ እንሄዳለን።

ካውንቲ ምንድን ነው?

በአሜሪካ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር፣ ደቡብ ካሮላይና የሚባል ክፍለ ግዛት አለ። ክፍለ ግዛቱ በ46 ካውንቲዎች ይከፈላል። ካውንቲ ማለት እኛ ወረዳ እንደምንለው ያለ የአካባቢ አስተዳደር ነው። ባሕሩን ይዘን ከሰሜን ወደ ደቡብ ብንወርድ ኦሪ፣ ጆርጅታውን፣ ቻርልስተን፣ ኮሌተን፣ ቢዩፈርት፣ ጃስፐር የሚባሉትን ካውንቲዎች እናገኛለን። አገሩ ዝቅተኛና ረግረጋማ ነው። ወንዝ ይበዛበታል። ከዳርቻው ብዙ ደሴቶች አሉ። ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ነው፤ በጣና ሐይቅ ላይ እንዳሉት።

በእነዚህ ካውንቲዎች የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን የሚመራው የትምህርት ቦርድ ነው። የትምህርት ቤቶቹ ገንዘብ ከሦስት ቦታ ይመጣል። አንዱ በአካባቢው በንብረት ላይ ከሚከፈለው ግብር ነው። ሁለተኛው ከክፍለ ግዛቱ፣ ሦስተኛው ከማዕከላዊው መንግሥት ይመጣል። የቦርዱን አባላት የሚመርጠው ነዋሪው ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ መምረጥ ያልቻለ ሰው ግብሩን ይከፍላል እንጂ በልጁ ትምህርት ቤት ላይ ቃል የለውም። የዛሬው ታሪካችን ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከእኛ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይቀድማሉ።

መጻፍ ወንጀል የሆነበት ዘመን

በዚያ የባሕር ዳርቻ ሩዝና ጥጥ ይመረት ነበር። ሥራውን የሚሠሩት ከአፍሪካ ተግዘው የመጡ ሰዎችና ልጆቻቸው ነበሩ። በባርነት ተይዘው ነበር። በ1740 አንድ ሕግ ወጣ። ሕጉ በባርነት ያለን ሰው መጻፍ ማስተማርን ከለከለ። በ1834 ደግሞ ማንበብ ማስተማርም ተከለከለ።

ለምን ይመስላችኋል? እስቲ አስቡት። በባርነት ያለ ሰው ከጌታው እርሻ ርቆ ለመሄድ የፈቃድ ወረቀት ያስፈልገው ነበር። መጻፍ የሚችል ሰው ግን የፈቃድ ወረቀቱን ራሱ ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ ጌቶቹ እርሳስን እንደ ጦር መሣሪያ ፈሩት።

በ1861 በሰሜንና በደቡብ መካከል የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ የሰሜኑ የጦር መርከቦች ቢዩፈርት አካባቢ ደረሱ። የመሬት ጌቶቹ ሸሹ። ሠራተኞቹ ግን በደሴቶቹ ላይ ቀሩ። በ1862 ላውራ ታውን የምትባል ሴት ከሰሜን መጥታ በሴንት ሄሌና ደሴት ትምህርት ቤት ከፈተች። ትምህርት ቤቱ ፔን ተባለ። ወደዚያ የመጡት ልጆች ብቻ አልነበሩም። ቀን ጥጥ ሲለቅሙ የዋሉ ትልልቅ ሰዎችም ማታ ማታ ፊደል ሊቆጥሩ ይመጡ ነበር። እንደ እናንተ ማለት ነው።

ዘግይቶ የተማረው ሮበርት ስሞልስ

በ1839 በቢዩፈርት ከተማ ሮበርት ስሞልስ የሚባል ልጅ በባርነት ተወለደ። ካደገ በኋላ መርከብ የመምራት ሥራ ለመደ። በግንቦት 1862 አንድ ሌሊት፣ የመርከቡ አለቆች ወደ ከተማ ወጥተው ሳሉ፣ መርከቡን ይዞ ከቻርልስተን ወደብ ወጣ። ቤተሰቡንና ጓደኞቹን አሳፍሮ በምሽጎቹ ፊት ለፊት አልፎ ነጻ ወጣ። ይህ ደፋር ሰው በዚያን ጊዜ ማንበብ አይችልም ነበር። ማንበብ የተማረው ከዚያ በኋላ፣ አባወራ ሆኖ ነው።

ጦርነቱ በ1865 አበቃ። በ1868 በቻርልስተን የክፍለ ግዛቱን አዲስ ሕገ መንግሥት የሚጽፍ ጉባኤ ተሰበሰበ። ከተሰብሳቢዎቹ አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። ስሞልስም ከእነሱ አንዱ ነበር። ተነሥቶ ያቀረበው ሐሳብ ምን ነበር? ለሁሉም ልጆች ክፍት የሆነ፣ ያለ ክፍያ የሚሰጥ የሕዝብ ትምህርት ይቋቋም የሚል ነበር። ሕገ መንግሥቱም የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ቀለም ሳይለዩ ለልጆች ሁሉ ክፍት እንዲሆኑ አዘዘ።

አያችሁ? ዘግይቶ ያነበበው ሰው መጀመሪያ ያሰበው ስለ ትምህርት ቤት ነው።

ነገር ግን የተከፈተው በር ተመልሶ ተዘጋ። በ1895 ሌላ ሕገ መንግሥት ተጻፈ። ስሞልስ በዚያም ጉባኤ ነበር፤ ተቃወመ፤ አልሰሙትም። አዲሱ ሕግ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ የነጭና የጥቁር ልጆች በየብቻቸው ይማሩ አለ። ሁለተኛ፣ ለምርጫ የሚመዘገብ ሰው ሕገ መንግሥቱን አንብቦና ጽፎ ያሳይ፣ ያለዚያ የ300 ዶላር ንብረት ይኑረው አለ። ፈታኙ ደግሞ ነጩ መዝጋቢ ነበር። እንግዲህ ጥቁሩ ሰው ደህና ትምህርት ቤት አልተሰጠውም። ስላልተማረ መምረጥ አልቻለም። ስላልመረጠ ደግሞ ትምህርት ቤቱን የሚያሻሽልለት አላገኘም። ነገሩ እንደ ወፍጮ ድንጋይ እዚያው በዚያው ይዞር ጀመር።

132 ተማሪዎች፣ ሁለት አስተማሪዎች

ወፍጮው እንዴት እንደ ዞረ በአንዲት አስተማሪ ሕይወት እንየው። ሴፕቲማ ክላርክ በ1898 በቻርልስተን ከተማ ተወለደች። በ1916 ገና በ18 ዓመቷ ወደ ጆንስ ደሴት ለማስተማር ሄደች። ደሴቱ በቻርልስተን ካውንቲ ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ የሚኬደው በጀልባ ነበር። በትምህርት ቤቱ 132 ጥቁር ተማሪዎች ነበሩ። አስተማሪዎቹ እሷና አንዲት ጓደኛዋ ብቻ ነበሩ። የእሷ ደመወዝ በወር 35 ዶላር፣ የጓደኛዋ 25 ዶላር ነበር። በአቅራቢያው ባለው የነጮች ትምህርት ቤት ደግሞ ሦስት ተማሪዎች ነበሩ። የእነሱ አስተማሪ ግን በወር 85 ዶላር ይከፈላት ነበር። እስቲ ደምሩና አወዳድሩት።

መጽሐፍ ስላልነበረ ሴፕቲማ የትምህርቱን ቃላት የምትጽፈው በወረቀት ከረጢት ላይ ነበር። ልጆቹም ጥጥ ሲደርስ ከትምህርት ይቀሩ ነበር። ማታ ማታ ትልልቆቹ ሰዎች እየመጡ «እኛንም አስተምሪን» ይሏት ጀመር። አስተማረቻቸው።

ሴፕቲማ ወደ 40 ዓመት ያህል አስተማረች። በ1956 ክፍለ ግዛቱ የመንግሥት ሠራተኛ የጥቁሮች መብት ማኅበር አባል እንዳይሆን የሚያግድ ሕግ አወጣ። እሷ አባልነቷን አልደብቅም አለች። ከሥራ ተባረረች። ጡረታዋም ቀረባት።

ከሱቁ ጀርባ ያለው ክፍል

በጆንስ ደሴት ኢሳው ጄንኪንስ የሚባል ገበሬና ነጋዴ ነበር። በደሴቱ ለጥቁር ልጆች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስላልነበረ፣ በራሱ አውቶቡስ ልጆቹን ወደ ቻርልስተን ያመላልስ ነበር። ሠራተኞችንም ያሳፍር ነበር። መንገድ ላይ ለተሳፋሪዎቹ ስለ ምርጫና ስለ ሕገ መንግሥቱ ይነግራቸዋል። አንዲት ተሳፋሪ ማንበብ ብታስተምረኝ ለምርጫ እመዘገብ ነበር አለችው። ትምህርት ቤቱ የተጸነሰው እንዲህ ነው።

ጄንኪንስና ሴፕቲማ ቤት አዘጋጁ። ከፊት ለፊት ትንሽ ሱቅ አደረጉ። ከጀርባ መማሪያ ክፍል ሠሩ። ለሚያይ ሰው ሱቅ ነው። አስተማሪዋ በርኒስ ሮቢንሰን ነበረች። እሷ የሴቶች ጸጉር ሠሪ እንጂ በማስተማር የሠለጠነች አልነበረችም። በጥር 1957 በ14 ተማሪዎች ትምህርቱ ተጀመረ። ጊዜው የብርድ ወራት ነበር፤ በዚያ ወቅት የእርሻ ሥራ ይቀንሳል።

በርኒስ መጀመሪያ የሕፃናት መማሪያ ይዛ መጣች። ወዲያው ለትልቅ ሰው እንደማይሆን አየች። ስለዚህ ምን መማር እንደሚፈልጉ ራሳቸውን ጠየቀቻቸው። ስማችንን መፈረም፣ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ፣ ገንዘብ በፖስታ ቤት መላክ፣ ቅጽ መሙላት እንፈልጋለን አሏት። ትምህርቱ ያው ሆነ። የምርጫ መመዝገቢያውም ቅጽ ማንበቢያቸው ሆነ። አንዲት የ65 ዓመት እናት አንድ ማታ በሰሌዳው ላይ ከተጻፉት ስሞች መካከል የራሳቸውን ለይተው አገኙ። ከመቀመጫቸው ተነሥተው «ይህ የእኔ ስም ነው» ብለው አሳዩ። በርኒስ ይህን እስከ እርጅናዋ አልረሳችውም።

እኔም በማታ ክፍሌ ይህን አይቻለሁ። ሰው ስሙን መጀመሪያ ሲያነብ ጀርባው ይቃናል።

ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ለምርጫ ተመዘገቡ። ትምህርቱ ወደ ሌሎች ደሴቶች ተዛመተ። በ1961 የዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ድርጅት ተቀብሎት በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍለ ግዛቶች አስፋፋው። በ1965 የወጣው የምርጫ መብት ሕግ እንዲህ ያለውን የማንበብ ፈተና አስቀረ።

ትምህርት ቤቶቹስ? በ1963 በቻርልስተን 11 ጥቁር ልጆች የነጮች ብቻ ወደ ነበሩ ትምህርት ቤቶች ገቡ። በ1967 በወጣ ሕግ በካውንቲው የነበሩት 8 የተለያዩ የትምህርት አስተዳደሮች በአንድ ተጠቃለሉ። ሴፕቲማስ? በ1970ዎቹ ዓመታት ጡረታዋ ተመለሰላት። ሕዝቡም መርጦ የቻርልስተን ትምህርት ቦርድ አባል አደረጋት። ያባረሩዋት አስተማሪ ትምህርት ቤቶቹን ከሚመሩት አንዷ ሆነች።

ወደ ቤታችን እንመለስ

ውድ አድማጮች፣ እናቴን አልረሳኋትም። እኔ መምህር ከሆንሁ በኋላ እናቴ ማታ ትምህርት ገባች። አንድ ቀን ሣጥኑን ከፍታ ያንን ወረቀት አወጣች። ጣቷን ከፊደል ፊደል እያሳለፈች አነበበችው። ቀኑ ላይ ስትደርስ ቆመች። ምንም አልተናገረችም። መልሳ አጠፈችው። በሳምንቱ ግን ታናሽ ወንድሜ በሚማርበት ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ነበር። እናቴ ሄደች። ተነሥታም «ለወላጅ ወረቀት ስትልኩ፣ የማያነብ ስላለ በልጆቹ አፍም ንገሩ» አለች። ትምህርት ቤቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደዚያ ያደርጋል።

ለእህቴ አልደረሰላትም። ለሌሎች ልጆች ግን ደረሰ። ትምህርት ቤቱ የማን ነው ላልነው መልሱ ይኸው ነው። ግድግዳውን መንግሥት ይሠራዋል። የእኛ የሚሆነው ግን ወረቀቱን አንብበን በስብሰባው ስንናገር ነው።

እንግዲህ እስከሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ሥራ እሰጣችኋለሁ።

1. ከልጃችሁ ትምህርት ቤት የመጣ አንድ ወረቀት ፈልጉ። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ቀን ካለበት ከሥሩ አስምሩበት።

2. አውራ ጣት ታኖሩ በነበረበት ቦታ ስማችሁን ጻፉ። እጃችሁ ቢንቀጠቀጥም ጻፉ።

3. በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ጥያቄውን ቤታችሁ ጽፋችሁ ሂዱ።

ሣጥን ውስጥ ያስቀመጣችሁት ያልተነበበ ወረቀት ካለም ዛሬ አውጡት። ደህና እደሩ።