የአብዱስ ሰላም መጣጥፎችና የእኛ ክፍል

(በማኅበራችን የተመራቂዎች መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ አንድ መጽሐፍ ተናገር፤ ግን አታርዝም» ብለውኛል። ዕድሜ ልኩን ፊዚክስ ላስተማረ ሰው ሁለተኛው ይከብዳል፤ እስቲ እሞክራለሁ። መጽሐፉ «አይዲያልስ ኤንድ ሪያሊቲስ» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «ምኞትና እውነታ» ብንለው ያስኬዳል። የፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ የፕሮፌሰር አብዱስ ሰላም መጣጥፎችና ንግግሮች ስብስብ ነው። መጀመሪያ የታተመው በ1984 ሲንጋፖር ነው። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሳይንሱን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ኤሌክትሮማግኔታዊውን ኃይልና ደካማውን የኑክሌር ኃይል በአንድ ንድፈ ሐሳብ ላገናኘው ሥራ፣ ሰላም በ1979 ከሼልደን ግላሾውና ከስቲቨን ዋይንበርግ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ንድፈ ሐሳቡ የተነበያቸው ቅንጣቶች በ1983 ሰርን ውስጥ ተገኙ። እዚህ ያሉት ወጣት መምህራን ይህን ከእኔ በተሻለ ያስረዷችኋል። እኔን የያዘኝ ሌላው ነው፤ የሰውየው ብቸኝነት።

በ1951 ሰላም ከካምብሪጅ ወደ ላሆር ተመልሰው ማስተማር ጀመሩ። ኮሌጁ ምን አላቸው? ምርምሩን ይርሱት፤ ከማስተማሩ ሌላ ግን ከሦስት ሥራዎች አንዱን ይምረጡ፦ የተማሪዎች ማደሪያ ኃላፊነት፣ የሒሳብ ያዥነት፣ ወይም የእግር ኳሱን ክለብ። ኳሱን መረጡ። (ከእኛ መካከል ኳሱ እንኳ ሳይደርሰው የፈተና ኮሚቴ ብቻ የደረሰው ስንቱ ነው!) ከዚያ ደግሞ ታላቁ ቮልፍጋንግ ፓውሊ ቦምቤይ መምጣታቸውን ሰምተው ሊያገኟቸው ሄዱ። ሲመለሱ «ያለ ፈቃድ ከሥራ ቀሩ» ተብለው ተወቀሱ። አስቡት እንግዲህ፤ በሙያው የሚያነጋግረው ሰው አጥቶ የከረመ ተመራማሪ አንድ ጊዜ ቢያገኝ፣ ጥፋት ሆኖ ተመዘገበበት።

በ1954 ወደ ካምብሪጅ ተመለሱ። ከአገርና ከፊዚክስ አንዱን መምረጥ እንደነበረባቸው፣ ምርጫውም እንዳቆሰላቸው ደጋግመው ጽፈዋል። በ1966 በታዳጊ አገሮች ስላለው ሳይንቲስት መነጠል የጻፉት መጣጥፍ በእኔ ግምት ከሁሉ ይበልጣል። ስለ ገንዘብ እጦት ብቻ አያለቅሱም። ሰው ጎበዝ ሆኖ፣ ደመወዝም እየተከፈለው፣ የሚሞግተው ሰው ስላጣ ብቻ እንዴት ቀስ በቀስ እንደሚደርቅ ነው የሚያሳዩት። ይኼን ያላየ መምህር እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

ሁሉም መጣጥፍ እንዲህ አይደለም። ብዙዎቹ በየጉባኤው የተደረጉ ንግግሮች ስለሆኑ ይደጋገማሉ። ሚኒስትሮችን በአኃዝ ማሳመን ይቻላል የሚለው እምነታቸውም ለእኔ ይበዛብኛል። ግን ሰውየው መጻፍ ብቻ ሳይሆን ሠርተዋል። ለታዳጊ አገሮች ሳይንቲስቶች ዓለም አቀፍ የንድፈ ሐሳባዊ ፊዚክስ ማዕከል ይቋቋም ሲሉ፣ አንድ የሀብታም አገር ልዑክ ይህ የሳይንስ ሮልስ ሮይስ ነው፣ ለድሃ አገሮች የበሬ ጋሪ ይበቃቸዋል የሚል መልስ ሰጥተው ነበር። ማዕከሉ ግን በ1964 ጣሊያን፣ ትሪየስቴ ውስጥ ተከፈተ።

የማዕከሉ ዋና ብልሃት የተባባሪ አባልነት መርሐ ግብሩ ነው። አንድ መምህር በአገሩ ሥራውን እንደያዘ፣ በተወሰኑ ዓመታት ውስጥ ሦስት ጊዜ ያህል፣ ከስድስት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ሄዶ ይሠራል፤ ከዚያ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ተሰደድ አይለውም፣ ታሰር አይለውም። ከኢትዮጵያ ብዙዎች ሄደዋል፤ እኔም በተራዬ ሄጃለሁ። ቦታው ሚራማሬ፣ አድርያቲክ ባሕር ዳር ነው። ግን ትዝ የሚለኝ ባሕሩ ሳይሆን ሰሌዳው ነው። አንዱ ከናይጄሪያ፣ ሌላው ከቬትናም ይመጣና «ቆይ፣ ይህቺ መስመር ከየት መጣች?» ብሎ ጠመኔውን ይቀበልሃል። አገር ቤት ብቻዬን ለወራት ስገፋው የከረምኩት ስሌት እዚያ በሁለት ቀን ክርክር ተቋጨ።

አገራቸው ለሰላም የመለሰችላቸው ግን መራራ ነው። በ1974 የፓኪስታን ምክር ቤት የአህመዲያ ማኅበረሰብን ሙስሊም አይደሉም ብሎ ሲወስን፣ እርሳቸውም ከዚያው ወገን ነበሩና የመንግሥት የሳይንስ አማካሪነታቸውን ለቀቁ። ዜግነታቸውን ግን አልለወጡም። በ1996 ኦክስፎርድ አርፈው አገራቸው ተቀበሩ፤ የመቃብር ድንጋያቸው ላይ «የመጀመሪያው ሙስሊም የኖቤል ተሸላሚ» ከሚለው ውስጥ «ሙስሊም» የሚለው ቃል ተፋቀ። የትሪየስቴው ማዕከል ግን በ1997 በስማቸው ተሰየመ።

አሁን ወደ እኛው ልምጣ። ክፍላችን ዛሬ ጎበዝ ወጣት መምህራን አሉት። በሴሚስተር ሦስት ኮርስ ይሸከማሉ፤ አንዳንዱ በጥናት መስኩ እዚህ ብቻውን ነው። የዶክትሬት ተማሪ አለ፣ ረቂቁን ከአማካሪው ሌላ አንብቦ የሚከራከረው ሰው የሌለው። በዚያው መስክ ስም ያወጡት ደግሞ እናንተ ናችሁ፤ እዚሁ ፊቴ ተቀምጣችኋል! ባለፈው ክረምት ከእናንተ አንዱ እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ አራት ከሰዓት በኋላዎችን ከአንድ ተማሪ ጋር በሰሌዳ ፊት አሳለፈ። ያ ተማሪ ዓመቱን ሙሉ የተጣበቀበትን ምዕራፍ በጥቅምት አስረከበ።

ስለዚህ ኮምፒውተር ለግሱን አልልም፤ ከለገሳችሁ እሰየው። የምጠይቀው የትሪየስቴን መንገድ ገልብጠን እንድንሞክረው ነው። በክረምት ስድስት ሳምንት፣ ካልሆነም ሦስት፣ መጥታችሁ ከወጣቶቹ ጋር ተቀመጡ። የመክፈቻ ሥነ ሥርዓት የለም፣ ባነር የለም፣ አበል የለም። ክፍሉ ሁለት ጠረጴዛና አንድ ትልቅ ሰሌዳ ያለው ክፍል ለይቷል፤ ቁልፉ ጸሐፊዋ ጋ አለ።

በሩ አጠገብ አንድ ወረቀት አስቀምጫለሁ፤ በአንዱ ዓምድ ስማችሁንና የጥናት መስካችሁን፣ በሌላው መምጣት የምትችሉባቸውን ሳምንታት ጻፉ። ከምሳ በኋላ እሰበስበዋለሁ።