ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ፣ በሒሳብ ትምህርት በኩል

ውድ የቴክኒክና ሙያ ተመራቂዎች፤ በክልላችን በአማራ በጸጥታ ችግር ብዙ ትምህርት ቤቶች በተዘጉባቸው ዓመታት ሥልጠናን ዳር ማድረስ ቀላል አልነበረም። አብዛኞቻችሁ አሁን «ወደ ዲግሪ እቀጥላለሁ» ትላላችሁ። ቀጥሉ፤ ግን ለምን እንደምትቀጥሉ ሳታውቁ አትመዝገቡ።

በኮምፒውተር ሙያ በደረጃ 4 የሠለጠነ ሰው ኮምፒውተር ይገጥማል፣ ኔትወርክ ይዘረጋል፣ የተበላሸውን ለይቶ ይጠግናል። ይህ ሙሉ ሙያ ነው፤ ማንም «ዲግሪ አይደለም» ብሎ ሊያጣጥለው አይገባም። ዲግሪው የሚጨምረው መሣሪያው ለምን እንዲህ እንደሚሠራና መቼ እንደሚከዳ ማወቅን ነው። በመጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች፣ ከእነሱም ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ። ባንኩ ችግሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ ገልጾ፣ የወጣው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ተናገረ። በእንዲህ ያለ ሥርዓት ውስጥ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱን ብቻ እንውሰድ። አንድ ደንበኛ ከማሽን ገንዘብ ሲያወጣ፣ በዚያው ቅጽበት ደግሞ በስልኩ ለሌላ ሰው ቢልክ፣ ቀሪውን ማየትና መቀነስ እንደ አንድ የማይነጣጠል ድርጊት ካልተፈጸሙ ሁለቱም ጥያቄዎች «በቂ ገንዘብ አለ» የሚል መልስ ያገኛሉ። ዳታቤዝ መጫን የሚያውቅ ሰው ይህን ላያስበው ይችላል። ንድፈ ሐሳቡን በወጉ የተማረ ግን ሶፍትዌሩ ሥራ ሳይጀምር ይጠይቃል።

ታዲያ ዲግሪ የያዘ ሁሉ ይህን ያውቃል? አያውቅም፤ የእኔም ሥጋት እዚህ ላይ ነው። የመውጫ ፈተና በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ላይ በ2015 ሲጀመር 150 ሺህ ያህል ተፈተኑ፤ ግማሽ ነጥብ አምጥተው ያለፉት ከ100 41 ያህሉ ነበሩ። ከግል ተቋማት ደግሞ ያለፉት ከ100 17 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሥራ እየሠራችሁ በማታና በቅዳሜ እሑድ ለመማር ስታስቡ ብዙ ጊዜ የምታንኳኩት የእነዚህን የግል ተቋማት በር ነው። ሁሉም ደካሞች ናቸው ማለቴ አይደለም፤ በርትተው የሚያስተምሩ አሉ። ግን የእናታችሁን የጤፍ ገንዘብ ይዛችሁ፣ ዓመታት ከፍላችሁ፣ በመጨረሻ ፈተናው ደጃፍ ላይ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ስለዚህ «ክፍያው ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት ሌላ ጠይቁ፦ ፕሮግራሙ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ አለው? ያለፉት ተመራቂዎቻችሁ በመውጫ ፈተና ስንቶቹ አለፉ? የዲግሪው የሒሳብ መሠረት የሆኑትን ዲስክሪት ማቲማቲክስንና አልጎሪዝምን ማን ያስተምራል? መልሱን የሚሸሽ ተቋም ቢያጋጥማችሁ ተሰናብታችሁ ውጡ።

ስለ ሒሳብ ትምህርት ደጋግሜ ብናገር አትሰልቹ። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽ ነጥብ ያመጡት ከ100 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። የዩኒቨርሲቲው በር እንዲህ ሲጠብ በቴክኒክና ሙያ በኩል መዞር ነውር የለበትም። ያኔ የቀረው የሒሳብ ጉድለት ግን በኬብልና በዊንዶውስ አይሞላም፤ የዲግሪው ኮርስ ደግሞ እንደተሞላ ቆጥሮ ይጀምራል።

የቅኔ ትምህርት ቤት ያለባት ደብረ ኤልያሳችን መሠረት ሳይጣል ወደ ላይ እንደማይወጣ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም። የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ደረጃ በደረጃ ወጥቶ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ይደርሳል። ያለ ግሥና ያለ አገባብ ወደዚያ የሚያደርስ አቋራጭ የለም። ሌላው የቆጠረውን ቅኔ የራስ አስመስሎ በመምህሩ ፊት መንገርም አያስኬድም። በዚሁ ደብር ቅኔ የተማሩት ደራሲው ሐዲስ አለማየሁ ኋላ አዲስ አበባ ሄደው ዘመናዊ ትምህርት ሲማሩ የመጀመሪያውን አልጣሉትም፤ ቋንቋቸው ምስክር ነው።

«አሁን ኮዱን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይጽፈዋል» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ይጽፋል። ያ ኮድ የተሳሳተ ሲሆን ስህተቱን የሚያየው ግን አገባቡን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ስለዚህ መሠረቱ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ተፈላጊ ሆኗል። «ዲግሪ ያለውም ሥራ ፈት ነው» ለሚሉት ደግሞ የከበደ መልስ አለኝ። የሥራ እጦቱ ሁሉ በተመራቂው ድክመት የመጣ አይደለም፤ በወረዳዎቻችን የሚቀጥር ድርጅት ጥቂት ነው፣ መብራትና ኢንተርኔትም ይቆራረጣሉ። ዲግሪ ብቻውን ይህን አይፈታም። ለዚህም ነው በእጃችሁ ያለውን ሙያ አትልቀቁ የምለው፤ እየጠገናችሁ፣ እየዘረጋችሁ፣ ደመወዝ እያገኛችሁ ተማሩ።

ዘንድሮ ክፍያው የማይሞላላችሁ ካላችሁ አትፈሩ። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የሒሳብ መጻሕፍትን ከታናናሾቻችሁ ተዋሱና በየምሽቱ አንድ ገጽ ሥሩ፤ ስትመዘገቡ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል። መምህራን ሆይ፣ ለእነዚህ ልጆች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍል ክፈቱላቸው፤ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃል።