ቃልና ፍርግርግ፤ የምሥራቅ ጎጃምን ዜማ በኮምፒዩተር ስለ ማቀናበር



ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ የሚያቋርጠው አገር የቅኔና የሽለላ አገር ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በተማሩበት በዲማ ቅኔ የሚቆጥረው ተማሪና በጠጅ ቤት መሲንቆ የሚመታው አዝማሪ በኑሮ ቢለያዩም ሁለቱም ቃልን መዛኞች ናቸው። የዚህ አገር ድምፅ ዛሬ በኮምፒዩተር ተቀድቶ፣ ተቆርጦና ተቀጣጥሎ ሲወጣ ምን እንደሚደርስበት መመርመር ተገቢ ነው።

በቴፕ ዘመን የድምፅ ባለሙያ ክሩን በምላጭ ቆርጦ በማጣበቂያ ይቀጥል ነበር። እንደ ፕሮ ቱልስ (1991 እ.ኤ.አ.) ያሉ ፕሮግራሞች ከመጡ ወዲህ ግን በትራክ ላይ የሚታየው ክሊፕ ድምፁ ራሱ አይደለም፤ ከተቀዳው ውስጥ ከየት እስከ የት እንደሚሰማ የሚያመለክት ምልክት ነው። ነገሩ ለደብተራ እንግዳ አይሆንበትም። በ16ኛው መቶ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ደረሷቸው የሚነገርላቸው የድጓ ምልክቶችም ከቃል የተቆረጡ ጥቂት ፊደላት ሆነው አንድ ሙሉ የዜማ ሐረግ ያስታውሳሉ። ልዩነቱ ደብተራው ሐረጉን በልቡ ሲይዘው ማሽኑ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ መሆኑ ነው።

ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። ፕሮግራሙ ጊዜን በእኩል ፍርግርግ ከፋፍሎ ክሊፑን ወደ ቅርቡ መስመር ይስበዋል። ይህ ለከበሮ ማሽን ይበጃል። ሽለላ ግን በትንፋሽ እንጂ በምት አይመራም፤ አዝማሪውም ግጥም ተቀብሎ እስኪመልስ ድረስ መሲንቆውን ያዘገየዋል። ፍርግርጉ ይህን ሁሉ እንደ ስሕተት ቆጥሮ ያርመዋል። ባቲንና አምባሰልን በፒያኖ ቁልፍ ልክ የሚያስተካክለው መሣሪያም ከዚህ አይሻልም።

ከሁሉ የከፋው ግን በቃሉ ላይ የሚደርሰው ነው። አማርኛ በመጥበቅና በመላላት ትርጉም ይለያል። «ይመታል» ላልቶ ሲነገር ሰውዬው መቺ ነው፤ «መ» እና «ተ» ሲጠብቁ ደግሞ ተመቺ ይሆናል። «ተ» ስትጠብቅ ምላስ የአየሩን መንገድ ዘግታ ትቆያለች፤ ያ መቆየት በስክሪኑ ላይ ድምፅ የሌለበት ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል። ዝምታን የሚያስወግደው መሣሪያ ባዶ ቦታ መስሎት ይቆርጠዋል። «መ»ም ክሊፑ ከምቱ ጋር እንዲገጥም ተጨምቆ ሲያጥር ትላላለች። ከሰከንድ አንድ አሥረኛ የማይሞላ ጊዜ ጠፍቶ ለሰሚው መቺና ተመቺ ይምታቱበታል! የአዝማሪው ወርቅ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በዚያች መጥበቅ ውስጥ ስለ ሆነ፣ በእጅ የሚቀረው ሰሙ ብቻ ነው።

ስለዚህ መቁረጫው ቦታ ዘፋኙ የሚተነፍስበት ነው እንጂ መስመሩ የተሰመረበት አይደለም። ሁለት ክሊፖች ሲገናኙ የፊተኛው እየደከመ የኋለኛው እየበረታ እንዲተላለፉ ማድረግ ይገባል፤ ይህም በቃል መካከል ከሚሆን በመሲንቆው ጉተታ ላይ ቢሆን ይሻላል። ምቱንም በእጅ እየመቱ ምልክት ማኖር ይቻላል፤ ያን ጊዜ ፍርግርጉ ራሱ ለአዝማሪው ይታጠፋል። አድካሚ ሥራ ነው፤ አንድ ዘፈን ቀኑን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል።

ያልተቆረጠው ቅጂ ከሁሉ በላይ ባለው ትራክ ላይ ድምፁ ተዘግቶ፣ የተቀዳበት ቦታና ቀን ተጽፎበት ይቀመጥ። ሥራው ሲያልቅም ግጥሙን የሚያውቅ የአገሩ ሰው ተጠርቶ ሁለቱን እያስተያየ ይስማ።