ስለ ነዳጅ ቧንቧ ሽርክናና ስለ ግብሩ ጣጣ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ዓመት ጉባኤ ላይ አንድ ወንድማችን ተነሥቶ «የዕድሩ መጠባበቂያ ገንዘብ ባንክ ውስጥ ተኝቶ ከሚከርም፣ በየሦስት ወሩ ደኅና አድርገው በሚከፍሉት በነዳጅ ቧንቧ ሽርክናዎች ላይ ለምን አናውለውም?» ብሎ መጠየቁ ይታወሳል። ኮሚቴውም ነገሩ ይጠና ብሎ፣ የግብር ወረቀት በመሙላት ሥራ ብዙ ዓመታት ስላሳለፍሁ፣ ለጉባኤው እንዳስረዳ አዘዘኝ። ጥያቄው የዕድሩ ብቻ አይደለም። ታክሲ የሚነዳውም ፓርኪንግ የሚሠራውም በስልኩ አክሲዮን የሚገዛበት ጊዜ ነው፤ ከመካከላችሁም ይህንኑ ነገር የገዛችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ አስቀድሜ ለየቤታችሁ፣ ከዚያ ለዕድሩ እናገራለሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሕጉም የምንኖርበት የአሜሪካን አገር ሕግ ነው።

የነገሩ ስም «ማስተር ሊሚትድ ፓርትነርሺፕ» ይባላል፤ ባጭሩ ኤም ኤል ፒ። እንደ አክሲዮን በገበያ ላይ ይሸጣል፣ ይለወጣል፤ ነገር ግን አክሲዮን አይደለም፣ ሽርክና ነው። አክሲዮን የገዛ ሰው፣ ኩባንያው ግብሩን ከፍሎ ከተረፈው ላይ ድርሻውን ይቀበላል። ሽርክና ግን ራሱ የገቢ ግብር አይከፍልም፤ ትርፉም ኪሳራውም በወረቀት ተሸንሽኖ ወደ እያንዳንዱ ሸሪክ ቤት ይሄዳል። መቶ ዩኒት የገዛች እኅታችን፣ በሕጉ ዓይን ቴክሳስ ውስጥ የተቀበረው ቧንቧ ሸሪክ ናት ማለት ነው።

አሠራሩ የተጀመረው በ1981 አፓቺ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ባቋቋመው ሽርክና ነው። ከዚያ ሆቴሉም ምግብ ቤቱም ተከተለ፤ በ1986 ቦስተን ሴልቲክስ የተባለው የቅርጫት ኳስ ቡድን ሳይቀር በዚሁ መልክ ድርሻ ለሕዝብ ሸጠ። የአሜሪካ ምክር ቤት የኩባንያ ግብር ሊያመልጠው መሆኑን ሲያይ በ1987 ሕግ አወጣ። በገበያ የሚሸጥ ሽርክና፣ ከገቢው 90 በመቶው ከተፈጥሮ ሀብትና ሕጉ ከዘረዘራቸው ጥቂት ምንጮች ካልመጣ እንደ ኩባንያ ግብር ይክፈል ተባለ። ዛሬ ትልልቆቹ፣ እነ ኢንተርፕራይዝ ፕሮዳክትስ፣ እነ ኢነርጂ ትራንስፈር፣ የነዳጅና የጋዝ ቧንቧ ባለቤቶች የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ወደ ሒሳቡ እንግባ። አንድ ሰው 1,000 ዩኒት በ20 ዶላር ገዛ እንበል፤ 20,000 ዶላር አወጣ። ሽርክናው በዓመት 1,500 ዶላር ይከፍለዋል። ሰውየው «ወለድ መጣልኝ» ይላል። ወለድ አይደለም እኮ! ቧንቧው በወረቀት ላይ በየዓመቱ ያረጃል፤ የእርጅናው ተቀናሽ ትርፉን ስለሚበላው፣ ግብር የሚከፈልበት ድርሻው ለምሳሌ 300 ዶላር ብቻ ሆኖ ይመጣል። የቀረው 1,200 ዶላር ያን ዓመት ግብር የለበትም። ነገር ግን በነፃ አልተሰጠም፤ ሕጉ የሚያየው የራሱ ገንዘብ እንደ ተመለሰለት አድርጎ ነው። ስለዚህ የገዛበት መነሻ ዋጋ በየዓመቱ በ1,200 ዶላር ዝቅ ይላል። ከአሥር ዓመት በኋላ 20,000 የነበረው 8,000 ሆኗል። መነሻ ዋጋው ዜሮ የደረሰ እንደሆነ ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚመለስለት ገንዘብ በያመቱ ግብር ይቆረጥበታል።

አሁን በ24,000 ዶላር ሸጠ እንበል። በልቡ «ያተረፍሁት 4,000 ነው» ይላል። ግብር መሥሪያ ቤቱ ግን 24,000 ሲቀነስ 8,000፣ 16,000 ዶላር አትርፈሃል ይለዋል። ከዚህም አብዛኛው፣ ያ በእርጅና ስም ሲቀነስለት የኖረው፣ በዝቅተኛው የካፒታል ዋጋ ዕድገት ግብር ሳይሆን እንደ ደመወዝ በመደበኛው መጣኔ ነው የሚቆጠረው። ብሮከሩ የሚልከው የሽያጭ ወረቀት ብዙውን ጊዜ የቀድሞውን 20,000 ይዞ ስለሚመጣ፣ እሱን ብቻ አይቶ የሞላ ሰው ከዓመታት በኋላ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ትክክለኛው ማስተካከያ ያለው ሽርክናው ከኬ-1 ጋር በሚልከው የሽያጭ ሠንጠረዥ ላይ ነው።

ይህን ስል ነገሩ ተንኮል ነው ማለቴ አይደለም። ግብር አሥር ዓመት መዘግየቱ ራሱ ጥቅም ነው። ከዚህ ሽርክና በሚገኘው ብቁ ገቢ ላይ የሚሰጠው የ20 በመቶ ቅናሽም በ2025 በወጣው ሕግ ቋሚ ሆኗል። ጥቅሙ ግን ወረቀት ለሚይዝ ሰው ነው።

ኬ-1 የሚባለው ወረቀት ሽርክናው ለእያንዳንዱ ሸሪክ በየዓመቱ የሚልከው ነው። የባንክ ወለድ ወረቀት በጥር መጨረሻ ሲመጣ፣ ኬ-1 ብዙውን ጊዜ በመጋቢት ይደርሳል። ከእኛ መካከል ተመላሽ ገንዘቡ እንዲፈጥንለት በየካቲት የሚሞላ ብዙ ነው፤ እሱ ሁለተኛ መሙላት ሊኖርበት ነው። ኪሳራ ቢያሳይ ያንን ኪሳራ ከደመወዝም ከሌላ ሽርክናም ላይ መቀነስ አይቻልም፤ ከዚያው ሽርክና ትርፍ ላይ ብቻ፣ ወይም ሁሉንም ዩኒት የሸጡ ዕለት። እስከዚያ ድረስ በመዝገብ መያዝ ነው። ቧንቧው ያለፈባቸው ክፍላተ አገርም የየራሳቸውን ግብር ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ለትንሽ ባለድርሻ ብዙውን ጊዜ ከወሰኑ በታች ይሆናል፣ ማየቱ ግን አይቀርም።

«እኔ መቼም አልሸጥም» የምትሉም አላችሁ። የሚሸጥላችሁ ሌላ ሰው ነው። በ2014 ኪንደር ሞርጋን የራሱን ሽርክና ጠቅልሎ ሲገዛ፣ በ2023ም ዋንኦክ የተባለው ኩባንያ ማጀላን የተባለውን ሽርክና ለእያንዳንዱ ዩኒት 25 ዶላር ጥሬ ገንዘብና 0.667 አክሲዮን ሰጥቶ ሲወስድ፣ ባለድርሻው ወደደም ጠላም እንደ ሸጠ ተቆጠረ፤ ሃያ ዓመት የተከማቸው ግብር ባንድ ዓመት መጣ። ከዚህም የባሰ አለ። በ2016 ሊን ኢነርጂ የተባለው ኪሳራ ላይ ሲወድቅ፣ አበዳሪዎች የተዉት ዕዳ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ወደ ባለድርሻዎቹ ተላለፈ። ገንዘባቸው ጠፍቶ፣ ባላዩት ገቢ ላይ ግብር ተጠየቁ።

ከሁሉ ይልቅ ለዕድርተኛ የሚገባው ግን ስለ ሞት ያለው ክፍል ነውና እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ባለቤቱ ሲሞት፣ የዩኒቱ መነሻ ዋጋ በሞተበት ዕለት ወደ ነበረው የገበያ ዋጋ ይታደሳል። በምሳሌያችን 8,000 የነበረው 24,000 ይሆናል። ወራሹ በማግሥቱ ቢሸጥ፣ ያ 16,000 ዶላር ትርፍ በግብር በኩል እንዳልነበረ ነው። ባልና ሚስት በጋራ ስም ይዘውት ከሆነ፣ እዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የሟቹ ግማሽ ብቻ ይታደሳል፤ የሚስቲቱ መነሻ ዋጋ 12,000 እና 4,000፣ በድምሩ 16,000 ይሆናል። ካሊፎርኒያና ቴክሳስ በጋብቻ ሕጋቸው መሠረት የጋራ ሀብት ከሆነ ሁለቱም ግማሽ ይታደሳል።

ስለዚህ አንድ አዛውንት «ከመሞቴ በፊት ለልጄ ላዙርላት» ብለው በቁማቸው በስጦታ ቢያስተላልፉ፣ ልጅቷ የምትረከበው 8,000ን ነው፤ ዕዳውን አብረው አወረሷት ማለት ነው። ለፍቅር ብለው ያደረጉት ያስከፍላታል። ከቆየ ዩኒት ጋር የተቀመጣችሁ ሽማግሌዎች፣ ከመሸጥም ከመስጠትም በፊት ሰው አማክሩ።

አሁን ስለ አንድ ቤት ልናገር፤ ባለቤቲቱ ስማቸው ሳይጠራ እንዳነሣው ፈቅደውልኛል። ባለቤታቸው ሲያርፉ ዕድራችን እንደ ወጉ አስከሬኑን አዲስ አበባ አደረሰ፤ ድንኳኑም ንፍሮውም አልጎደለም። እትዬ ግን ሟቹ በስማቸው ብቻ ስለያዙት የቧንቧ ሽርክና አንድም ነገር አያውቁም ነበር። ኬ-1 በየመጋቢቱ ሲመጣ ሟቹ ራሳቸው ይከፍቱታል፣ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡታል። በዓመቱ ልጃቸው ዩኒቶቹን ሸጠና ወረቀቱን ይዞ ወደ ግብር ሞይ ሄደ። ግብር ሞይው የሽርክናውን ሠንጠረዥ አየ፤ ሠንጠረዡ የሚያሳየው የሟቹን አሮጌ መነሻ ዋጋ ነው። የገባውን ቁጥር ገለበጠና ሞላ። እትዬ መክፈል የማይገባቸውን ብዙ ሺህ ዶላር ከፈሉ።

ያ ግብር ሞይ እኔ ነኝ።

ሽርክናው መሞታቸውን የነገረው ሰው አልነበረም። ዩኒቱ በብሮከር በኩል ከስም ወደ ስም ሲዛወር፣ ምክንያቱ ሞት መሆኑና የዕለቱ ዋጋ ለሽርክናው ካልተነገረ፣ ወረቀቱ በአሮጌው ሒሳብ ይቀጥላል። እኔም «ዩኒቱ ከየት መጣ?» ብዬ መጠየቅ ሲገባኝ አልጠየቅሁም። ቀብር ላይ ቆሜ ነበር እኮ፤ መሞታቸውን የማላውቅ ሰው አልነበርሁም። ያስተዋልሁት በሁለተኛው ዓመት ሌላ ወረቀት ይዘውልኝ ሲመጡ ነው። ሕጉ የተሞላውን ለማረም ሦስት ዓመት ይሰጣልና፣ የሞት ማስረጃውንና የዕለቱን ዋጋ ይዘን አረምን፤ ገንዘቡም ከወራት በኋላ ተመለሰ። ሦስቱ ዓመት አልፎ ቢሆን ኖሮ እዚህ ቆሜ ለመናገር ፊት አይኖረኝም ነበር።

እንግዲህ ይህ ነገር በቤታችሁ ካለ፣ ኬ-1ዎቹን ከመጀመሪያው ዓመት አንሥቶ ባንድ ማኅደር አድርጉ፤ የት እንዳለም ለሚስት፣ ለባል፣ ለልጅ ንገሩ። በሞት ጊዜ ወራሽ የዕለቱን ዋጋ ጽፎ ለብሮከሩም ለሽርክናውም ያስታውቅ።

ወራሹ አገር ቤት ያለ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የአሜሪካ ዜግነትም ነዋሪነትም የሌለው ሰው፣ ደሴ ያለች እናት እንበል፣ ዩኒቱ በስሟ ቢዛወር ከሚከፈላት ገንዘብ እስከ 37 በመቶ ተይዞ ይቀራል። ከጥር 1 ቀን 2023 ወዲህ ደግሞ ስትሸጥ ከጠቅላላው ዋጋ 10 በመቶ ይያዛል፤ ከትርፉ አይደለም፣ ከጠቅላላው። በ24,000 ላይ 2,400 ዶላር ማለት ነው። ልታስመልስ የምትችለው የግብር ቁጥር አውጥታ፣ እዚህ አገር ቅጽ ሞልታ ነው። በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል የገቢ ግብር ስምምነት የለም። ብዙውን ጊዜ የሚቀለው የውርስ አጣሪው ዋጋው ታድሶ ሳለ እዚሁ ሸጦ ጥሬ ገንዘቡን ቢልክ ነው፤ እሱም በሕግ አዋቂ ምክር።

በአይ አር ኤ የጡረታ ቁጠባ ውስጥ የገዛችሁም አላችሁ። እዚያ ውስጥ በሞት የሚታደስ መነሻ ዋጋ የለም። የሽርክናው ትርፍ ከጡረታ ጋር ያልተያያዘ የንግድ ገቢ ስለሚባል፣ 1,000 ዶላር ሲደርስ ቅጽ 990-ቲ ይሞላል፤ ግብሩም ከዚያው ከቁጠባው ይወጣል። በሽያጩ ዓመት ያ የእርጅናው ተቀናሽ ሁሉ አብሮ ስለሚቆጠር፣ በ2025 ስሌት ከ15,000 ዶላር ጥቂት ሲያልፍ መጣኔው 37 በመቶ ነው። እኔ ብጠየቅ በአይ አር ኤ ውስጥ አትግዙት እላለሁ። ቧንቧውን የወደደ ሰው ኬ-1 የማይልኩ ፈንዶች አሉለት፤ በ2010 የወጣው የአለሪያን ፈንድ አንዱ ነው። ፈንዱ ራሱ እንደ ኩባንያ ግብር ስለሚከፍል የሚደርሰው ጥቂት ይቀንሳል፤ ወረቀቱ ግን እንደ ማንኛውም አክሲዮን ነው።

ወደ ዕድሩ ጥያቄ ልመለስ። ከግብር ነፃ የሆነ ማኅበርም ይኸው 990-ቲ ይደርስበታል፤ ኮርፖሬሽን ሆኖ ከተቋቋመ 21 በመቶ ይከፍላል። ገንዘብ ያዣችን በየሁለት ዓመቱ ይለወጣል፤ ያን ሁሉ ኬ-1 ማን ከማን ይረከባል? ደግሞም በመጋቢት 2020 የእነዚህ ዩኒቶች ዋጋ ከግማሽ በላይ ወርዶ ነበር። ያን ሰሞን ዕድራችን ስንት ጊዜ እንደ ተጠራ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። አስከሬን ለመላክ ገንዘብ የምንፈልገው በሁለት ቀን ውስጥ ነው። ስለዚህ መጠባበቂያው በባንክና በመንግሥት የአጭር ጊዜ ሰነድ ላይ እንዲቆይ ለኮሚቴው ሐሳብ አቅርቤአለሁ፤ ድምፅ የምትሰጡት ከምሳ በኋላ ነው። ጥያቄውን ያነሣው ወንድማችን በቅን ልቡና ነውና ማንም እንዳይነቅፈው እለምናለሁ።

ኬ-1 በቤቱ ያለው ሰው የመጋቢት ወር እሑዶች ከሰዓት በኋላ በዚሁ አዳራሽ የኋለኛው ጠረጴዛ ላይ ያገኘኛል። ክፍያ የለውም። የሟች ንብረት ከሆነ የሞት ማስረጃውን ይዛችሁ ኑ፤ እኔም ከእንግዲህ መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው።