ያረጀ የኮምፒውተር ቋንቋ መማር ለሥራ ይጠቅማልን?
(በኮምፒውተር ክፍላችን ለሠልጣኞች ከተደረገ ንግግር)



«ኮቦል የሚያውቅ ሰው ጠፍቷል ይባላል፤ ያለንን ጥሪት ከፍለን ብንማረው ሥራ እናገኛለን ወይ?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይቀርብልናል። ከመካከላችን ገንዘቡን ለመክፈል የተዘጋጀ ወጣት ስላለ፣ ጉዳዩን በግልጽ መነጋገር ግድ ሆኖብናል።

ወሬው ከመሬት የተነሣ አይደለም። ኮቦል እ.ኤ.አ. በ1959 በአሜሪካ ለንግድና ለመንግሥት ሒሳብ ሥራ ታስቦ የተጀመረ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። የብዙ ባንኮች ሒሳብ እስከ ዛሬ በእሱ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 በኮሮና ምክንያት ሥራ ያጡ ሰዎች በብዛት ለድጎማ ሲያመለክቱ፣ የኒው ጀርሲ አገረ ገዥ ፊል መርፊ ኮቦል የሚያውቁ ሰዎች እንዲረዷቸው በአደባባይ ተማጽነዋል። ልብ በሉ፣ የጠየቁት የበጎ ፈቃድ እርዳታ ነበር።

ዳሩ ግን ሥራው በአብዛኛው የሚገኘው ሜይንፍሬም በሚባሉት ትላልቅ ኮምፒውተሮች ላይ ነው። የሚፈለገውም ሰው ከብዙ ዓመት በፊት ሌላ ሰው የጻፈውን የባንክ ፕሮግራም አንብቦ የሚገባው ነው። ይህ በሦስት ወር ኮርስ አይገኝም። የሥራ ፈቃድ ነገርም አለ፤ እሱን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብናል። ስለዚህ ለኮቦል ሰርተፊኬት ገንዘብ አታውጡ እንላለን። ጠባዩን ማየት የሚሻ ሰው ጂኤንዩ ኮቦል የተባለውን ነፃ ፕሮግራም በተራ ኮምፒውተር ሊሞክር ይችላል።

ያረጀ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ኤስኪውኤልም በ1970ዎቹ አይቢኤም ኩባንያ ውስጥ የተፈጠረ፣ ከብዙዎቻችሁ በዕድሜ የሚበልጥ ነው። ሥራው ከመዝገብ ውስጥ የተፈለገውን ለይቶ ማውጣት ነው። «ከአምስት በላይ ቤተሰብ ኖሯቸው የዚህን ወር ራሽን ያልወሰዱትን አሳየኝ» ብንለው፣ ከሺህ ስም መካከል ለይቶ ያቀርባል። ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ መጋዘን፣ መዝገብ ያለው ሁሉ ይህን ይፈልጋል። በያዛችሁት አንድሮይድ ስልክ ውስጥ እንኳ ኤስኪውላይት የሚባለው አለ። ነገ ወደ ሌላ አገር ብንሻገርም ያው ቋንቋ ይጠብቀናል።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው ሲ የተባለው ቋንቋም ዛሬ ድረስ ይሠራበታል፤ ነገር ግን ብዙ ትዕግሥት ስለሚጠይቅ ለጀማሪ አናስቀድመውም።

ኮምፒውተሮቹ ጥቂት፣ ተራው ረጅም መሆኑን ታውቃላችሁ። ስለዚህ በሚቀጥለው ዙር የሚበልጠውን ሰዓት ለኤስኪውኤል መድበናል። መብራት በጠፋ ቀን ጥያቄውን በወረቀት ጽፈን መልሱን ከስም ዝርዝሩ በእጃችን እየፈለግን እንለማመዳለን። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ኑ።